ከአየር ያልታየው አውድማ

እንግሊዙ ካርታውን በመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ አንዲት ጥቁር ነጥብ በጣቱ ነካ።

«እዚህ ጋ የጣልያን ጦር ሰፍሮ ነበር ወይ? ይላል» ሲል አስተርጓሚው ፋንታሁን ጠየቃት።

ሐረገወይን ካርታውን አላየችም። ያየችው የሰውየውን ፊት ነው። በጦርነቱ ዘመን በጎንደር ላይ ቦምብ ይጥል ከነበረ የአውሮፕላን ጓድ አንዱ ነጂ እንደነበረ፣ አሁን ደግሞ የጓዱን የዘመቻ ታሪክ ሊጽፍ እንደመጣ ትናንት ገበያ ላይ ሰምታለች። ከመንደሯ ከፀዳ በማለዳ ወጥታ አዘዞ መንገድ ላይ የጠበቀችውም ለዚሁ ነው።

«ጦር አልሰፈረበትም። የእኛ አውድማ ነው። ኑ፣ ላሳያችሁ።»

ከመንገዱ በላይ ባለው ዳገት መራቻቸው። በአውድማው ዳር ሰፊ ጉድጓድ አለ፤ የመንደሩ ጎረምሶች ሊደፍኑት በተነሱ ቁጥር የከለከለቻቸው እሷ ናት።

«በዚያ ኅዳር ባሌ ዋኘው እዚህ ገብስ ይወቃ ነበር። አውሮፕላኑ ሲመጣ አልሸሸም። ‹የወገን ነው፤ ጣልያንን ሊመታልን ነው› ብሎ ጋቢውን አውልቆ አውለበለበ። ከዚያ በኋላ ጋቢውን እንጂ እሱን አላገኘሁትም።»

ፋንታሁን አመነታ፤ አጠር አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ። እንግሊዙ ፈገግ አለ።

«ምን አልከው?»

«እትዬ፣ እንግዳ ነው እኮ… ሰዉ አውሮፕላኑን በደስታ ተቀበለው አልኩት።»

«ምነው ፋንታሁን! እኔ ያልኩትን ንገረው እንጂ። ሳትነግረው ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ፋንታሁን አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገረው። የእንግሊዙ ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ። ወደ ጉድጓዱ ተጠግቶ ቁልቁል አየና ተናገረ።

«ያን ዕለት ‹የጠላት ሰፈር ተመታ› ብለን ነው የጻፍነው ይላል። አሁን አለቆቼ ይለውጡት እንደሆን እንጃ ይላል» ሲል ፋንታሁን ተረጎመላት።

«አለቆቹን እኔ የት አውቃቸዋለሁ? እዚህ የቆመው እሱ ነው። እሱ ይጻፈው። ዋኘው አድማሴ። ጣልያን አልነበረም፤ ገበሬ ነበር።»

እንግሊዙ እስክሪብቶውን አወጣ። ስሙ ለምላሱ ስላስቸገረው ደጋግሞ አስባላት፤ እሷም ሳትሰለች ደጋግማ አለችለት። ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ያን ዕለት ሌላስ የሞተ ሰው ነበር ወይ? ይላል» አለ ፋንታሁን።

ይህን እስከ ዛሬ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከአውድማው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለውንም ድንጋይ ለእንግሊዙ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«ቁጭ ይበል» አለች። «ከአያ ዳኛው እጀምርለታለሁ።»