እጅ ያልተነሳበት ሀራጅ

የባንኩ ሰው እንደሚለው፣ የእትዬ ጠሂራ ቤት ለሀራጅ በቀረበ ዕለት አንድም ተጫራች አልተገኘም፤ ቤቱ ፈላጊ የለውም። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ በጨረታው አዳራሽ ውስጥ ቤቱን የማይፈልግ ሰው አልነበረም ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

ቤቱ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ነው። እትዬ ጠሂራ ልጃቸው ኢስሐቅ ለጨርቅ ንግድ ሲበደር አስይዘውለት ነበር። ንግዱ ከሰረ፣ ክፍያው ተቋረጠ፣ ባንኩም ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን ለጨረታ አወጣው። ጎረቤት መዋጮ ሞክሮ ነበር፤ ከዕዳው ጋር የሚወዳደር አልሆነም።

በሰፈሩ የጎረቤትን ቤት በሀራጅ መግዛት፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዕቃ እንደ መገበያየት ይቆጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጨረታ ዕለት ተጠራርተው አዳራሹን ሞሉት፤ ማንም ዋጋ እንዳይጠራ ተማምለዋል። ከውጭ የመጡትን ሁለት ደላሎች በር ላይ ቆሞ የመለሳቸው ልብስ ሰፊው ኑሪ ነው። ለአንደኛው ቤቱ የውርስ ክርክር እንዳለበት ነገረው። ሁለተኛው ይህ አላስፈራው ሲል፣ ከጓዳው ጂኒ እንደማይጠፋ አከለበት።

ዋጋ አለመጥራቱ ከሁሉም የከበደው ነስረዲንን ነበር። የጅምላ መጋዘኑ ከእትዬ ጠሂራ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል፤ ቤቱን እንዲሸጡለት ከዓመታት በፊት ጠይቆ እምቢ ብለውታል። ያን ዕለት ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ አየለት፣ አመሰገነውም።

ባንኩ ገዢ ስላጣ በጠራው ሁለተኛ ጨረታ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤቶቹ በእትዬ ጠሂራ ሳሎን ተሰበሰቡ። ኑሪ የጂኒውን ነገር እየደጋገመ ያስቃቸዋል። ነገም እንዲሁ እናደርጋለን፣ ባንኩ ሰልችቶት ይተወዋል እየተባባሉ ሳለ የእትዬ ጠሂራ ጠበቃ ደምመላሽ ገባ።

ፍርድ ቤት ጨረታውን እንዲያግድ አመልክቶ ነበር፤ አልተሳካለትም። ባንክ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሸጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። ፍርድ ቤት የሚመረምረው ሽያጩ ሥርዓቱን መከተሉን ነው፤ ባንኩ ደግሞ ማስጠንቀቂያውንም ማስታወቂያውንም በወጉ አድርሷል። እትዬ ጠሂራ፣ ታዲያ ሕጉ ለእኔ ያስቀረልኝ ነገር የለም ወይ ብለው ጠየቁት።

ደምመላሽ አንድ ነገር እንዳለ ነገራቸው። ቤቱ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ የተረፈው ገንዘብ የእሳቸው ነው፤ ባንኩ አይነካውም። ነገር ግን በሁለተኛውም ጨረታ ገዢ ከጠፋ፣ ባንኩ ቤቱን በመጀመሪያው ጨረታ መነሻ ዋጋ ለራሱ መውሰድ ይችላል። መነሻ ዋጋው ደግሞ ከዕዳው እምብዛም አይበልጥም።

«እንግዲህ ነገም ዝም ካልን...» አለ ኑሪ።

«ቤቱም ይሄዳል፣ ለእትዬ አንዲት ክፍል የምትገዛ ገንዘብም አትተርፍም» አለ ደምመላሽ።

ኑሪ ደላሎቹን ሄጄ ላምጣቸው ይሆን አለ።

«መጀመሪያ ጂኒህን አስወጣልኝ» አሉት እትዬ ጠሂራ።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ነስረዲን ሲያዩ እሱ ምንጣፉን ያያል። ደምመላሽ፣ ተጫራቹ አንድ ብቻ ከሆነ ዋጋው ከመነሻው ብዙ እንደማይርቅ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ከልቡ መፎካከር እንዳለበት አስረዳ። ነስረዲን ሌላ ሰው ይፈለግ አለ፤ ገንዘቡ እንዳለው ግን አልካደም።

«ሲወድቁ ጠብቆ ወሰደባቸው ይሉኛል፣ እትዬ። በዚህ መንገድ እኮ ነው በየቀኑ የማልፈው» አለ።

እትዬ ጠሂራ አላስተባበሉም፤ እንደሚሉት ያውቃሉ። ከግድግዳው ማዶ የነስረዲን ሠራተኞች ካርቶን ሲያራግፉ ይሰማል። ጥቂት አዳመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ነገ እኔም እመጣለሁ፣ ከፊት እቀመጣለሁ» አሉ። «ነስሩ፣ አንተ ትጫረታለህ። ኑሪ፣ አንተ ደግሞ ደላሎችህን ይዘህ ና፤ ነስሩ በርካሽ እንዳይወስደው። ባንክ ሸጠባት አይባልም፤ ቤቴን እኔ ራሴ ሸጫለሁ። የምቀየመው እጁን ያላነሳውን ነው።»