ያሸነፍኩበት ደብተር

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተር ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም።

እህቴ ውቢት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። የሽማግሌዎቹ ዓይነት አይደለም፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጉ የማያኖረው ነው። መድኃኒቱ ከተቋረጠባት ጥቂት ቀን ነው፣ ከዚያ በቃ። ይህን ያለው ሐኪም ነው፣ እኔ እያጋነንኩ አይደለም። በውጊያው መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ከተማችን ቢቸና ውስጥ ያልረገጥነው ፋርማሲ የለም፣ ሁሉም «አልቋል» ነው መልሳቸው። ስልኩም አይሠራም። አንድ ቀን ጠዋት እማዬ ብልቃጡን በመስኮት ብርሃን አየት አደረገችና «ለአራት ቀን ትሆናለች» አለች። ድምፅዋ አላማረኝም።

በዚያው ቀን አንድ ሹፌር በገጠር በኩል አቆራርጦ ከሞጣ መልእክት ይዞ መጣ። አክስቴ ሰብለ ወንጌል እዚያ ነርስ ናት። «ሁለት ብልቃጥ አግኝቻለሁ፣ ነገ መንገዱ ይከፈታል እየተባለ ነው፣ ሰው ላኩ» ብላለች። አባዬ ወዲያው ጫማውን ማሰር ጀመረ። እማዬ በሩ ላይ ቆመች።

«ቀለሙ፣ ወንድ እንዴት እንደሚፈተሽ እያወቅህ? አትሄዳትም!»

«ታዲያ ማን ይሂድ? አንቺ እንዳትሄጂ መርፌውን የምትወጊያት አንቺ ነሽ።»

«እኔ ልሂድ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ መልሼ ልውጠው ነበር።

እኛ ጋ አሁን መንገድ የምትወጣ ሴት ልጅ ደብተር ሳትይዝ አትወጣም። ተማሪ ከመሰልሽ ብዙ አይጨቀጭቁሽም ነው የሚባለው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ነው የምጠብቀው፣ ግን እማዬ «ሰርኬ፣ ደብተር ያዥ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከአልጋዬ ሥር ካርቶኑን ጎትቼ ሽፋኑ ያልተቀደደውን መዘዝኩ። ውስጡን አላየሁትም። ማርያምን፣ አንዴ ገለጥ ባደርገው ምን ነበረበት!

በማግስቱ መንገዱ ተከፈተ፣ መሄዱ ደህና ነበር። አክስቴ ጋ አደርኩ። ጠዋት ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ፔርሙስ ውስጥ ከተተችልኝ፣ ሙቀት እንዳያበላሻቸው። «ክዳኑን ዝም ብለሽ አትክፈቺ። መድኃኒት እንደያዝሽ ደግሞ ለማንም አትንገሪ፣ ለቁስለኛ ነው ይሉሻል» አለችኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን ግንባሬን ሳመችኝ። ፍርሃቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው፣ አክስቴ ሰው ስማ አታውቅማ!

በመመለሻዬ ጉንደወይን ከተማን ካለፍን በኋላ ሚኒባሱ ቆመ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አሉ። የማን ወገን ናቸው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። «ውረዱ! ወንድ በዚህ፣ ሴት በዚያ!» ወረድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ፔርሙሱን ነጠላዬ ውስጥ አቅፌ ጥላ ፍለጋ አይኔ ይንከራተታል።

አንዱ ልጅ እግር መጣና ደብተሬን ነጠቀኝ።

«ምንድን ነሽ?»

«ተማሪ።»

«ተማሪ ቤቱ ተዘግቶ?» አለና ገለጠው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «አለቃ! ይቺ ስለ ኤርትራ ጽፋለች! ነፃ አውጪ ይላል፣ ድንበር ይላል፣ ወደብ ይላል!»

ያኔ ነው የቱን ደብተር እንደያዝኩ የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና መምህር ሽታሁን በትምህርት ቤታችን ክበብ ክርክር አዘጋጅቶ ነበር። ሁለት አገሮች፣ እኛና ኤርትራ፣ ሁለቱም በግንቦት ሰማንያ ሦስት ነፃ ወጣን አሉ። አንዱ ለገበያም ለእርዳታም በሩን ከፈተ፣ ሌላው ዘግቶ በራሴ እቆማለሁ አለ። የቱ ይሻላል? ዕጣ ስናወጣ ለእኔ «ዝግ» ደረሰኝ፣ ለተከራካሪዬ ለሄለን «ክፍት»። ሄለን አባቷ ሐኪም ነው፣ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ። እኔ «በራችንን ከፍተን የሰው ሸቀጥ ሲገባ የኛ ሸማኔ ሥራ ፈታ፣ እነሱ ግን የማንንም እጅ አላዩም» እያልኩ አዳራሹን አስጨበጨብኩት። እሷ ደግሞ እዚያ ወጣቱ በእግሩ ድንበር እያቋረጠ እንደሚሰደድ፣ መስከረም ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ሰው ዕቃ ለመግዛት እንዴት እንደተሻማ ስታወራ አዛጋሁባት። መጨረሻ ላይ «የዝግ በር ጉዱ የሚታየው ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር ነው» አለች። እኔ ምን አልኩ? «የሐኪም ልጅ ስለ በሽታ ካላወራች ስለ ምን ታውራ!» ሁሉም ሳቀ። አሸነፍኩ።

አለቃ የተባለው ሰውዬ አባዬን ያክላል። ደብተሩን ተቀብሎ ረጋ ብሎ ያነብ ጀመር። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ማነው ያጻፈሽ?»

«የትምህርት ቤት ክርክር ነው ጋሼ። በማርያም፣ ክርክር ብቻ ነው።»

«የቱን ደግፈሽ?»

ምን ልበል? የትኛው ደስ እንደሚለው በምን አውቃለሁ? «ዝግ የሚለውን... ዕጣ ደርሶኝ ነው» አልኩ።

«አሸነፍሽ?»

«አዎ።»

ሳቀ። ልጅ እግሩም አብሮ ሳቀ። አለቃው በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩባትን አገኛትና ጮክ ብሎ አነበባት። «ለጊዜው የተዘጋ በር የቤቱን ሰው አይጎዳም።» ከዚያ ደብተሩን አጥፎ ሚኒባሱን አየት አደረገ። «ጎበዝ ነሽ። እኛም ለጊዜው ነው የዘጋነው። ሹፌር፣ አዙረህ ተመለስ! ሦስት አራት ቀን ነው፣ ማንም አይጎዳም። ይቺው የተማረችዋ ጽፋዋለች።»

ሦስት አራት ቀን! ውቢት ጋ የቀረችው የሁለት ቀን መድኃኒት ናት። ሰዉ እያጉረመረመ ወደ መኪናው መመለስ ጀመረ። እኔ ግን እግሬ አልነቀል አለኝ።

«ጋሼ፣ ውሸቴን ነው ያሸነፍኩት» አልኩ።

«ምን?»

«ሌላዋ ልጅ ናት ልክ። ውስጥ የታመመ ሰው ካለ አለች፣ እኔ ሳቅሁባት። እህቴ ታማለች። ስኳር ነው። መድኃኒቷ ይኸው፣ እኔ ጋ ነው።» አክስቴ አትናገሪ ያለችኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ።

ልጅ እግሩ ፔርሙሱን ነጠቀኝ። «የቁስለኛ መድኃኒት ነው አለቃ!»

«ኧረ ክዳኑን አትክፈተው፣ ይሞቃል!» ብዬ እጁ ላይ ተንጠለጠልኩ። ጠመንጃ በያዘ ሰው እጅ ላይ! ሴቶቹ «ኧረ ልጅቱ!» ብለው ጮኹ።

አለቃው ራሱ ተቀብሎ ከፈተው። አንዱን ብልቃጥ አወጣና አገላብጦ አየው። ፀሐዩ ብልቃጡ ላይ ሲያርፍ እኔን አናቴን የመታኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

«በቀን ስንቴ ትወጋለች?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሁለቴ። ጠዋትና ማታ።»

«አንዱ ምን ያህል ያቆያታል?»

«ወር ግድም።»

ከዚያ አንዱን ወደ ፔርሙሱ መለሰ፣ ሌላውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «የሚያስፈልገው ሰው እኛም አለን» አለ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ ማን ይጠይቃል? ኪሱ ውስጥ እንደሚሞቅና እንደሚበላሽ ልነግረው ፈለግሁ። ግን ፔርሙሱን ተቀብዬ ክዳኑን አጠበቅሁ።

«ይለፉ» አለ። ድንጋዩ ተነሳ። መኪናው ውስጥ ልገባ ስል «ደብተሬስ?» ብዬ ዞርኩ፣ ቂል ነኝ እኮ።

«እኔ ጋ ይቆይ» አለ። ሽፋኑን እያየ ነበር። ሽፋኑ ላይ ስሜ ከነአባቴ፣ ትምህርት ቤቴ፣ ቢቸና፣ ሁሉም በትልልቁ ተጽፏል።

ቤት ስደርስ ውቢት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ውኃ በጣሳ ትጠጣለች። «ሰርኬ፣ ምን አመጣሽልኝ?» አለችኝ። ፔርሙሱን ሰጠኋት፣ ቀዝቃዛ ነው ብላ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። እማዬ ከፍታ አየች፣ ደግማ ጨርቁን ፈታታች።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

ከተመለስኩ ይኸው ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኑ ነው። መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። እማዬ በየጠዋቱ ብልቃጡን በመስኮት ብርሃን ታያለች። ሄለንን ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፣ እነሱ ግን ከተማውን ለቀው ሄደዋል። በራችን ሲንኳኳ አባዬ ሊከፍት ይነሳል። እኔ ደብተሩ ትዝ ይለኝና «ቆይ፣ መጀመሪያ ማነው በል!» እለዋለሁ።