የማታስፈልገዋ መስመር

ፕሮግራሙ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ድርግም ብሎ ተዘጋ። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሽቶ ፕሮግራሙን እንደገና ከፈተው። እስከ አራት ቆጠረ፤ ድርግም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሮ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ወደ ኮድ ጽሕፈት የዞረ ሰው ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ዛሬም "መምህሩ" ነው የሚሉት። ቋሚ ሥራውን ሲለቅ ሚስቱ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ብላ ተርታበት ነበር። የሦስት ወር ሙከራው ደግሞ የሚያልቀው ዛሬ ነው። መከራ ቀን መርጦ ነው መቼም የሚመጣው!

ትናንት ሥራውን ካስገባ ወዲህ ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም በማንም ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ አልቆይ ብሏል። የውሃ ቆጣሪውን ሶፍትዌር የሚሠሩት ዘጠኝ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የቡድን መሪዋ፣ ነገሩ ከመምህሩ ሄደር ፋይሎች ነው ብላ ለሥራ አስኪያጁ ተናግራለች። እሱም እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ ሙከራው እንዳበቃ ይታወቅ ብሎ ሄዷል።

ሄደር ፋይል ሌሎቹ ፋይሎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሚጠሩት የስም መዝገብ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አሉ። መምህሩ ግማሹን አወጣ፤ ፕሮግራሙ ተከፈተ። እንግዲያው ጉዱ ካወጣው ውስጥ ነው። ያንን ለሁለት ከፈለው፤ የቀረውን ደግሞ ለሁለት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ፋይሎች ቀሩ፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው የቡድን መሪዋ። የእሱ የእሷን ይጠራል። የእሷም መልሶ የእሱን ይጠራል። ፕሮግራሙ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ቆይቶ አቅሙ ሲያልቅ ይዘጋል። የእሱን ፋይል የምትጠራዋ የእሷ መስመር የተጨመረችበትን ሰዓት አየ፤ ትናንት፣ እሱ ከቢሮ ከወጣ በኋላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ የዋለው በሰው ጥፋት ነው።

የቡድን መሪዋን ጠራት። አጠገቡ ቆማ አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ።

"ጋሼ፣ የእርስዎን መስመር ብናጠፋትም ይከፈታል እኮ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ይከፈታል።"

"እሷን እናጥፋና ሰዉ ሥራውን ይቀጥል። ጥፋቱ የእርስዎ ቢባልም፣ ሙከራው እንዲራዘምልዎት እኔ እለምናለሁ።"

ለአፍታ ልቡ ሸፈተ። ሚስቱ በር ስትከፍትለት ፊቱን የምታነብበት አስተያየት ትዝ አለው።

"ይከፈታል፤ ቆጣሪው ግን አይቆጥርም" አላት። "የኔዋ ታስፈልጋለች፤ ያንቺዋ አታስፈልግም።"

ለምናልባቱ ብላ የጨመረቻት እንደሆነች አጉተመተመች። እሱ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት። ተቀመጠችና መስመሯን አጠፋች። መምህሩ እስከ አራት ቆጠረ፤ እስከ ሃያም ቆጠረ። አልተዘጋም።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጥፋቱ የማን እንደነበር መምህሩን ጠየቀው። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ዋጠው።

"እሷን ይጠይቋት" አለ።

የቡድን መሪዋ ከወንበሩ ተነሣች።

"የኔ መስመር ናት" አለች። "እሳቸው ምንም አላጠፉም።"

መምህሩ በልማዱ "ጎበዝ" ሊላት አፉን ከፈተና ተወው።