ለዘገዩት የተሰጠ ድርሻ

ኤክሃርት ክፉ ሰው አይደለም፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር።

ከመሬት በታች ያለው መሣሪያችን ፕሮቶኖችን በየሰከንዱ አርባ ሚሊዮን ጊዜ እርስ በርስ ያጋጫል። ይህን ሁሉ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር ገና አልተሠራም። ስለዚህ ማጣሪያዎች አሉን፤ እያንዳንዱን ግጭት ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ያዩና «ይቀመጥ» ወይም «ይጣል» ይላሉ። የተጣለ ይግባኝ የለውም። ያለችውን ጥቂት የማስቀመጫ ቦታ ለየቡድኑ በድርሻ የሚያከፋፍለው ደግሞ የኤክሃርት ኮሚቴ ነው።

እኔ የምፈልገው ከባድና ቀርፋፋ ቅንጣት ነው። ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ ግን የመሣሪያው ጠርዝ ላይ የሚደርሰው ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው፤ ማጣሪያዎቻችን ደግሞ የዘገየን ሁሉ ትርጉም የሌለው ጫጫታ ነው ብለው ይጥሉታል። የዘገየውን የሚይዝ ማጣሪያ ሠራሁ። መሣሪያው ከአምስት ሳምንት በኋላ ለእድሳት ለዓመታት ሊዘጋ ነው፤ የእኔም ኮንትራት አብሮት ያልቃል።

«በተቀመጡት ግጭቶች ላይ ሞከርሽው?» አለኝ ኤክሃርት በኮሚቴው ስብሰባ። አዲስ ማጣሪያ በዚያ ሳይፈተን አይገባም፤ ደንብ ነው።

«ሞከርኩት። ምንም አልያዘም።»

«እንግዲያ?»

«የዘገዩትን እኮ ጥለናቸዋል፤ ከተቀመጠው ውስጥ ከየት ይመጣሉ? ቅርጫት ውስጥ የጣልነውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ፈልጊ እያልከኝ ነው።»

«ይገባኛል» አለ። የሚያሳብደው በእርግጥም የሚገባው መሆኑ ነው። «ግን ምን ያህል እንደሚይዝ ካላወቅን፣ ነገ ጫጫታውን አግበስብሶ የሁሉንም ድርሻ ቢጨርስብንስ? ትርፍ ድርሻም የለም። ድርሻ የሚጠይቅ ከራሱ ቀንሶ የሚሰጠውን ሰው ይዞ ይመጣል፤ ታውቂያለሽ።»

ይህም ደንብ ነው። በምሳ ሰዓት ትሪዬን ይዤ ኤቶሬ ፊት ተቀመጥኩ። የኤቶሬ ቡድን ከማንም የወፈረ ድርሻ አለው፤ ሁሉም አብጠርጥሮ የሚያውቀውን አንድ ቅንጣት ለመለኪያ እያሉ ሲያከማቹ ይውላሉ።

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ ሹካውን ወደ ጣሪያው ቀስሮ። «ወተቷንስ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ሶላንዥ?»

«ቀና ብዬ እንዳላይ እኮ ነው የከለከላችሁኝ።»

«ምላስሽስ አልዘገየም። ስንት ነው የምትፈልጊው?»

«ከድርሻህ ትንሽ ቁራጭ።»

«የእኔ ቅንጣት አርጅቷል፣ ቢጎድልበት አያለቅስም። ውሰጂ። ብድር ነው ግን፤ መሣሪያው ሲዘጋ ትመልሻለሽ።» ከሰሃኔ ላይ የድንች ጥብሱን ግማሽ አንስቶ በላ። «ይሄ ወለዱ ነው።»

ሰጪዬን ይዤ ተመለስኩ። ኤክሃርት ፈቀደ፣ ከዚያም ጨመረበት፦ ማጣሪያው ከሚመርጠው ውስጥ በየመቶው አንዱ፣ መቶኛው ብቻ ይቀመጥ፣ ሌላው ይጣል፣ ለጥንቃቄ። ይህ እንደ ኤቶሬ ቅንጣት ለሞላው ለተትረፈረፈው የምናደርገው ነገር ነው።

«የእኔ ብርቅ ነው» አልኩት። «በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ፣ መቶ ጊዜ ካላንኳኳህ አልከፍትም ልበለው?»

«ከምንም ይሻላል።»

አይሻልም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ቤቴ እስክደርስ ግን ብስክሌቴን የረገጥኩት ኤክሃርትን የምረግጥ ያህል ነበር።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ለየማጣሪያው ሁለት ቁጥር ይታያል፤ የመረጠውና ያስቀመጠው። የእኔ መጀመሪያ ሁለቱም ዜሮ ነበሩ። አንድ ጠዋት የመረጠው ሁለት ሆነ፤ ያስቀመጠው ዜሮ። ወደ ኤክሃርት ሮጥኩ።

«አንሣልኝ ይህን መቶኛ! ያግበሰብሳል ያልከው ይኸው ሁለት ብቻ ነው የመረጠው።»

«ሁለት ማስረጃ አይሆንም» አለ። «መሣሪያው እየሠራ ደንብ ብንቀይር ደግሞ የሁሉም ልኬት ይዘበራረቃል። ትንሽ ታገሺ።»

ታገስኩ። ቁጥሩን በየጠዋቱ እያየሁ ታገስኩ። በመጨረሻው ቀን መሣሪያው ሲቆም፣ የመረጠው ሰባት፣ ያስቀመጠው ዜሮ። ለሰባቱም የማንም ድርሻ ጥግ ይበቃቸው ነበር። መቶ ስላልሞሉ ሁሉም ተጣሉ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ምንም ግን አልፈየደልኝም።

«ጫጫታ ነው የሚሆኑት» አለኝ ኤቶሬ ሊያጽናናኝ። ሊሆኑ ይችላሉ። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር።

መሣሪያው ከእድሳት በኋላ ሲከፈት የትኞቹ ማጣሪያዎች እንደሚቀጥሉ ለመወሰን በዚያው ቀን ማታ ተሰበሰብን። ኤክሃርት የእኔ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የዘገዩት ማጣሪያ። በአምስት ሳምንት ምንም አላስቀመጠም። የተሰጠው ድርሻም ሳይነካ ከረመ። ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቧል።»

«እንዳያስቀምጥ ያዘዘው ማነው?» አልኩ።

«ሶላንዥ፣ ሰባቱ ምን ነበሩ?»

«እሱን እንዳላውቅ እኮ ነው የወሰናችሁት።»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ያዘነልኝ ይመስለኛል። «ማስረጃ ካገኘሽ አምጪው፣ እንደገና እናየዋለን» አለና ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ይውጣ የሚል እጁን ያውጣ።»

ኤቶሬን አየሁት። ጠረጴዛ ጠረጴዛውን እያየ እጁን አወጣ።