የማይታጠነው በርሜል

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል እንጂ ደረጃ ስለመውጣቱ አበው የተናገሩት የለም። የወለተሰንበት ጋን ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲጋዝ አራተኛው ፎቅ ሳይደርስ ሁለተኛው ላይ ተሰብሮ ቀረ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ወለተሰንበት ራሷ አረፈች።

ግንቦት ልደታ ሲቃረብ፣ ከፈረሰው ሰፈር የተበታተኑት የድሮ ጎረቤቶች ዘንድሮ ቢራ በሳጥን ይታዘዝ ብለው መከሩ። ባሏ ጋሽ ተክለጻድቅ ይህን ሲሰሙ ቱግ አሉ።

"እኔ እያለሁ? የወለተን ጠላ ነው የምትጠጡት!"

ጠላ ጠጥተው እንጂ ጠምቀው አያውቁም።

"ጠላው ካልሆነ ግን" አሉ የጎረቤቶቹ አውራ፣ እትዬ ፀሐይቱ፣ "ከዘንድሮ ጀምሮ ቢራ ነው። ተስማማን?"

ተስማሙ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ክዳን ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች ገዙ። አተላው ከታች እንዲቀር ከግርጌያቸው ትንሽ ከፍ አድርገው አስበሱና ቧንቧ ገጠሙ። ክዳኑ ላይ ደግሞ ልጃቸው ትሕትና ከፋርማሲ ያመጣችውን የግሉኮስ ቱቦ ሰክተው፣ ጫፉን ውሃ የያዘ ጠርሙስ ውስጥ ነከሩት።

"ትንፋሹ ይወጣል፣ ዝንብ አይገባም" አሏት።

"አባዬ፣ ጠላ ነው የምትጠምቀው ወይስ በሽተኛ ልታስተኛ ነው?"

የቀረው ማጠኑ ነበር። ወለተ ጋኑን በወይራ ጭስ ሳታጥን ጠላ አስገብታበት አታውቅም። ጋሽ ተክለጻድቅም በረንዳው ላይ ወይራ አጭሰው አንደኛውን በርሜል ደፉበት። በርሜሉ ለጥቂት ጊዜ ታገሠ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ከዚያ ተቀመጠ።

በሩ ተንኳኳ። የጎን ጎረቤታቸው ነፊሳ ነበረች፤ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ይዛለች።

"ጋሼ፣ ምን እየተቃጠለ ነው?"

"ጠላ እየጠመቅሁ ነው።"

ነፊሳ የቀለጠውን በርሜል አየች። "እኔስ በሃይማኖቴ ጠላ አልጠጣም። ይኼንን ግን ክርስቲያንም የሚጠጣው አይመስለኝም።" ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እናቴ ለወተት ዋንጫውንም ታጥን ነበር። ትልቁ እንቢ ካለ ትንሹን ያጥኑት። ጣሳ የለዎትም?"

ጣሳ ሞልቶ።

ጌሾውንና ብቅሉን ዕድሜ ልካቸውን በማጀት በር በኩል እንዳዩት በእፍኝ እየለኩ በተረፈው በርሜል ጠነሰሱ። ቱቦው ቡልቅ፣ ቡልቅ ማለት ሲጀምር ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ወለተ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ፣ "ና ስማው፣ እያወራ ነው" ትላቸው ነበር። እሳቸው ግን ጋዜጣቸውን አስቀምጠው ሄደው አያውቁም።

ትሕትና ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

"ቀንሺው" አሏት።

የግንቦት ልደታ ዕለት ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ንፍሮ ቀረበ። ነፊሳ ወይራውን እያራገበች ጣሳዎቹን በየተራ ጭሱ ላይ ደፋች፤ ትሕትና ከቧንቧው ቀዳች። የመጀመሪያው ጣሳ ለእትዬ ፀሐይቱ ተሰጠ። አሸተቱት። ተጎነጩለት። ጋሽ ተክለጻድቅ የሚቆሙበት ጠፋቸው።

"ጌሾ አብዝተሃል፣ ተክሌ።"

"ይቅርታ፣ እትዬ።"

"እሷም እንዲሁ ታበዛ ነበር። ስንቴ ብነግራት አልሰማ አለችኝ።" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ጣሳውን ዘረጉ። "ድገመኝ።"

ምናልባት ብሎ አንድ ሳጥን ቢራ መኪናው ውስጥ ደብቆ የመጣው የድሮ ጎረቤታቸው በዕውቀቱም ጣሳውን ይዞ ተሰለፈ።