ጉበቱ በግራ የተሰፋ ሽርጥ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪው ጠበበኝ ብሎ የሚመጣውን ሰው «ሱሪው አልጠበበም፣ አንተ ወፍረሃል» ይለዋል። እጅጌው ረዘመብኝ የሚለውን ደግሞ ክንድህን በደንብ ዘርጋ ይለዋል። ጥፋት የሚባል ነገር ከሱቃችን ደጃፍ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ቁልፍ የምተክለውና ጠርዝ የምቀመቅመው ሚስቱ እኔ ይህን ጠባዩን ችዬ ኖሬአለሁ። ችዬ ስል ዝም ብዬ ማለቴ አይደለም።

ለእህቱ ልጅ ሲሆን ግን አንጀቱ አይችልም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እኛው ጋ ያደገች ናት። ዘንድሮ የሳይንስ መምህርት ሆና ተቀጠረችና የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲል አንድ ተቆጣጣሪ ክፍሏ ገብቶ ስታስተምር ሊያያት ሆነ። ከወደደው ትቀጥላለች፣ ካልወደደው ስንብት ነው። መምህራኑ ሰውየውን «ቀይ እስክሪብቶ» ይሉታል።

ልጅቷ የመረጠችው ትምህርት የሰውነት ክፍሎችን ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ የፕላስቲክ ሰው አለው፣ ግን ሆዱ ባዶ ነው። ጨጓራው የት እንደገባ አይታወቅም፤ ጉበቱን ተማሪዎች ኳስ ሲጫወቱበት ሰባብረውታል። ይህን ምሳ ላይ ስታወራ ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ እሰፋዋለሁ» አለ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ሰውየውን።»

ሰፋውም። ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ደረትንም በሚሸፍን ሽርጥ ቅርጽ ቆረጠ። ከዚያ ለማንኛውም ልብስ እንደሚያደርገው ጨርቁን በጀርባው ገልብጦ፣ የመማሪያ መጽሐፏን ሥዕል አስፍቶ በጠመኔ ነደፈበት። በንድፉ ላይ እየሰፋ ክፍሎቹን ከፊት ለፊት በኩል ገጠማቸው። ሳንባው ሮዝ ገበር፣ ልቡ ቀይ ከፋይ፣ ጉበቱ ከአሮጌ ኮት የተረፈ ቡናማ ጨርቅ ሆነ። አንጀቱን ጥጥ የተጠቀጠቀበት ረጅም ቱቦ አድርጎ፣ ሲጎትቱት ከሆድ እንዲወጣ አደረገው።

እሱ ሲሰፋ እሷ አጠገቡ ቆማ ትለማመዳለች።

«ተመሳሳይ ህዋሳት ተሰባስበው ህብረ ህዋስ ይሆናሉ፤ ህብረ ህዋሳት ተሰባስበው ደግሞ የአካል ክፍል።»

«ክር፣ ጨርቅ፣ ልብስ በያቸው» አለ ቀና ሳይል። «ምን ያስቸግርሻል?»

ሽርጡ ሲያልቅ አጠለቀችውና ከሱቁ መስታወት ፊት ቆመች። መጽሐፉን በአንድ እጇ ይዛ አንድ በአንድ አመሳከረች። ጉበቱም ልቡም ቁርጥ መጽሐፉን ናቸው። እኔም በመስታወቱ አይቼ አጨበጨብኩ።

በቀኑ እሷ እያሳየች ማስተማር ስላለባት ሽርጡን የሚለብስ ሰው ተፈለገ። ሰውየዋ እኔ ሆንኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ መቆም ብቻ ነው፤ ምንም አይናገሩም» አለችኝ። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።

ባሌም ማንም ሳይጠራው ስፌቱ ቢፈታ ብዬ ነው ብሎ መጣና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ የልጅ ስለሆነ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደረሰ። ቀይ እስክሪብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ መጻፍ ጀምሯል።

መጀመሪያ ላይ እንዴት ያለ ትምህርት ነበር መሰላችሁ። አንዱ ልጅ አንጀቴን ይዞ እስከ በሩ ሄደ። «ሆዳችን ውስጥ ይሄ ሁሉ አለ?» እያሉ ሲንጫጩ ተቆጣጣሪው ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ከዚያ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ አሞኛል እንዴ? ልቤ የሚመታው በዚህ በኩል ነው» አለች፣ ግራ ደረቷን ይዛ።

ክፍሉ በሙሉ ደረቱን ይዳብስ ጀመር። ቀይ እስክሪብቶ ብድግ አለ።

«መምህርት፣ እኚህ ሴት ጉበታቸው በግራ ነው?»

ጎንበስ ብዬ ራሴን አየሁ። ጉበቴ በግራ ጎኔ፣ ልቤ ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ቁጭ ብሏል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። በጀርባ የተነደፈው ፊት ላይ ሲወጣ ተገልብጧል፤ መስታወቱ ደግሞ የተገለበጠውን መልሶ አቅንቶ አሳይቶናል። እኛ ልብስ የምናየው በመስታወት ነው፣ ማን ልብ ይለዋል?

ባሌ ተነሳ፣ ወንበሩም አብሮት ተነሳ። «ስፌቱ ምንም አይወጣለትም፣ ከመጽሐፉ ጋር ተመሳክሯል። ልብ ማለት እኮ...» ብሎ ለማሳየት እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ትንሽ ፈለገ። ሲያገኘው ከነወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ።

የኛ ልጅ ፊቷ አመድ መስሏል። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላጣራ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ» አለች ለተቆጣጣሪው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ «እትዬ፣ ገልብጠው ይልበሱት።»

ገልብጬ ለበስኩት። በጀርባው የጠመኔው ንድፍና የስፌቱ መስመር አለ፤ ጉበቱ በቀኝ፣ ልቡ ወደ ግራ። ቀለም የለው፣ ጥጥ የለው። ልጆቹ ወደ ፊት እየወጡ በመስመሩ ብቻ ሳንባ፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት እያሉ ለዩት። አንዱ ሲስት ሌላው አረመው።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ወጡ። ቀይ እስክሪብቶ ቀረብ አለ።

«ልጆቹ ተምረዋል። ግን መምህርት ያልተጣራ ነገር ይዛ ክፍል አትገባም። ይሄን ልጽፈው ግድ ነው።»

ልጅቷ እሺ ብላ አንገቷን ደፋች። ባሌ ወደ ፊት መጣ። ሰውየውን ወፍረሃል እንዳይለው ፈርቼ ሽርጤን ጨበጥኩ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «በጀርባው የነደፍኩት ፊቱ ላይ እንደሚገለበጥ ዘነጋሁ። ይሄን ጀማሪ እንኳ አይስተውም። እሷ እኔን አምና ነው፤ ያሳደጋትን ሰው ማመኗ እንደ ጥፋት አይጻፍባት።»

ተቆጣጣሪው እሱንም እሷንም አየ። «ሁለታችሁም የኔ ነው ካላችሁ እኔ የማን ብዬ ልጻፍ?» አለና እስክሪብቶውን ከደነው። «ትቀጥል።»

ወደ ቤት ስንመለስ ሁለቱ ተቃቅፈው ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ አንጀቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ከኋላ እከተላለሁ። ደስ ብሎኛል፣ ልጄ ሥራዋ ተረፈላት። ግን አንድ ነገር ውስጤን በላኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው» የምትለዋን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ለመስማት ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ስጠብቅ ኖሬ፣ እሱ ወስዶ ለማያውቀው ሰው ሰጣት።

ቤት ገብተን ሻዩን ከፊቱ ሳስቀምጥ አላስቻለኝም።

«ለኔም አንድ ጊዜ በላት» አልኩት።

«ምን አጠፋሁና?» አለኝ።