ተጽዕኖ የለውም

ጉንደ ወይን ተወልጄ ቢቸና ያደግሁ ሰው፣ እንግዳ እንዴት እንደሚጋበዝ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? እህሉ ሲቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። የቤቱ እመቤት «በሞቴ!» ትላለች። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ደግማ ትምልብሃለች። በሦስተኛው ትቆርሳለህ። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ የሚቆርስ ሰው እናቱ አላሳደገችውም ይባላል። ችግርም እኛ ዘንድ የሚወጣው እንደዚሁ ነው። ልጁን የቀበረ ሰው እንኳ «ደኅና ነህ ወይ?» ሲሉት አስቀድሞ «ተመስገን» ነው የሚለው። ሁለቴ ሦስቴ አጥብቀህ ስትጠይቀው ነው እንባውም ነገሩም የሚመጣው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። እና አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። ብችል ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ!

የኔሰው እባላለሁ፤ ቢቸና ንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። አምና በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ ረቂቅ ደንብ መጣልን። በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ያለ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ሁሉ በስድስት ወር ውስጥ ከከተማ ውጭ ወደ ተከለለ ቦታ ይዛወር የሚል ነው። ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ በሞተር ጩኸት ጎረቤት ይታወካል፣ እሳትም ያሰጋል። ግን ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ባለመጭመቂያዎቹ ምን እንደሚጎዱ ይጠየቁ ተባለ። አንድ ሰው እንኳ የሚጎዳበት ከተማ የሁለት ዓመት እፎይታ ያገኛል፤ ጉዳት የሌለበት በስድስት ወሩ ይነሣል። ባለሙያው ለዘመዱ እንዳያዳላ ተብሎም ከተማ ተለዋወጥን፤ የሞጣዋ ሰርካለም ወደ ቢቸና መጣች፣ እኔ ወደ ሞጣ ሄድሁ።

ሞጣ ላይ አምስት መጭመቂያ አለ። አራቱን እስከ ስምንት ሰዓት ጨረስሁ። አምስተኛው የእትዬ ባንቺዓለም ነው። ከስልሳ ያለፉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በዘይት የወዛ ሴት ናቸው። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ሰላምታችን ሁሉ በምልክት ነበር። ገና ወረቀቴን ሳወጣ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ከመጭመቂያው በላይ ሲባጎ ተወጥሯል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ሲባጎው በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ጓዳ ይገባል። እያየሁት ጨርቁ ዘለል ዘለል አለ። እትዬ ባንቺዓለም ሞተሩን አጥፍተው «አንዴ ይቅርታ ልጄ» ብለው ሮጡ።

በበሩ በኩል አየሁ። አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል፤ ግማሽ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ባላቸው ጋሽ አካለ ወልድ ናቸው። እትዬ ባንቺዓለም አገላበጧቸው፣ ውሃ አጠጧቸው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው፣ ሲባጎውንም ደኅና በሆነው እጃቸው ላይ መልሰው ጠመጠሙት። ሽማግሌው ከዚያ ሆነው ሲስቡ፣ በሞተር ጩኸት ድምፃቸውን የማይሰሙት ሴትዮ ጨርቁን አይተው ይሄዳሉ ማለት ነው። ለመረዳት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መጭመቂያው ከዚያ ግቢ ከወጣ እኒህ ሴት ወይ ሥራቸውን ወይ ባላቸውን ይተዋሉ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ሲመለሱ ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ይህ ደንብ ቢጸድቅ በሥራዎ ላይ ተጽዕኖ ይኖረዋል?»

«ምን ይኖረዋል ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን እየጠረጉ። «መንግሥት ያመጣው ለበጎ ነው። ተመስገን ነው።»

ጎንበስ ብዬ «ተጽዕኖ የለውም» ብዬ ጻፍሁ። በቃ፣ ይኸው ነው! አንዴ ጠየቅሁ፣ አንዴ መለሱልኝ፣ ጻፍሁ። የመጨረሻው ሚኒባስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል ተብያለሁ። እሱ እንዳያመልጠኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ደግሞ እኮ ምሳ አቀረቡልኝ! በአዲሱ ዘይት የተሠራ የክክ ወጥ ነበር። «በልቼ ነው የመጣሁት» አልሁ። «በሞቴ!» አሉ። «ሚኒባሱ ያመልጠኛል» አልሁ። «በሞቴ አልኩህ፣ ለመንገድ ነው» አሉ። ሦስተኛ ሲሉኝ ቁጭ ብዬ በላሁ። ስለ ሆዴ ሦስቴ ተለምኜ፣ ስለ ኑሯቸው አንዴ ጠይቄ፣ አፌን ጠርጌ ወጣሁ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቢቸና አዳራሽ ውስጥ ውጤቱ ተነበበ። ኃላፊያችን አቶ ወንደሰን መጀመሪያ የሰርካለምን አነሡ። ሰርካለም በቢቸና አራት መጭመቂያዎች ጠይቃለች፤ አራቱም ይጎዳሉ። ቅጿ ጀርባው ድረስ ተጽፏል፣ በጎኑ ሌላ ወረቀት ተሰፍቶበታል፣ ስርዝ ድልዙ መዓት ነው። «ሰርኬ፣ ልቦለድ ነው እንዴ የጻፍሽው?» አሉ፣ ሰው ሳቀ። ቢቸና ሁለት ዓመት አገኘች። ቀጥለው የእኔን አነሡና ከፍ አድርገው አሳዩ። «ሞጣ! አምስት መጭመቂያ፣ ተጽዕኖ የለውም። እንዲህ ነው ሪፖርት! አጭር፣ ግልጽ፣ ንጹሕ። ለየኔሰው አጨብጭቡለት እስቲ።»

ተጨበጨበልኝ። እኔ ደግሞ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ! ሰው እንዴት ለውርደቱ እጅ ይነሣል?

በሻይ ሰዓት ሰርካለም አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሞጣ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቤቱን ሁሉ ታውቃለች።

«የኔሰው፣ እትዬ ባንቺዓለም ምን አሉህ?»

«ተመስገን ነው አሉ። ችግር የለብኝም አሉ።»

«ጋሽ አካለ ወልድ ተኝተው እያሉ?» ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ስንት ጊዜ ጠየቅሃቸው?»

«ሦስቴ» አልኋት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሦስቴ አልኋት። እሷም ሰው አማኝ ናትና ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ሌላ ዘዴ አግኝተው ይሆናል» ብላ ስኒዋን አስቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ከሰው ፊት የሸሸሁትን ያህል በዕድሜዬ ሸሽቼ አላውቅም።

በማግሥቱ አቶ ወንደሰን ቢሮ ገብቼ ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኋቸው። «ምናልባት አንድ ቅጽ ላይ ስሕተት ቢገኝ መታረም ይችላል?»

«እስከ ዓርብ ይታረማል» አሉ። «ግን ባለሙያው ‹ሳላጣራ ነው የሞላሁት› ብሎ ይፈርማል። የፈረመው ወደ ዲሲፕሊን ይሄዳል፤ በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም ተብለናል። ምነው፣ የማን ቅጽ ነው?»

«ኧረ እንዲያው ነው» ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ ታምሜያለሁ ብዬ ሞጣ ሄድሁ። እውነትም ታምሜ ነበር። አዲስ ቅጽ በኪሴ ይዤያለሁ። ግቢው ውስጥ ሞተሩ ጠፍቷል። እትዬ ባንቺዓለም የፋጉሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀር፣ ለከብት የሚሸጡት የኑግ ቅሪት ነው። በስድስት ወር ውስጥ ልቀቁ የሚለው ደብዳቤ አጠገባቸው ነው። ሲያዩኝ ደብዳቤውን ቶሎ ብለው ከነጠላቸው ሥር ደበቁት። አይ የሰው ነገር! እኔ እንዳላፍር ነው።

«እትዬ» አልሁ፣ ሳልቀመጥ። «ያን ጊዜ አጥብቄ አልጠየቅሁዎትም። በደልሁዎት። አሁን በሞቴ ይንገሩኝ፣ ይህ ነገር ምን ያደርግዎታል?»

«ምንም አይለን ልጄ፣ ተመስገን።»

«በሞቴ እትዬ።»

«እግዜር ያውቃል።»

«እናቴ ትሙት ይንገሩኝ!»

ቀና ብለው ወደ ላይ፣ ወደ ሲባጎው አዩ። «ያችን ጨርቅ ታያታለህ? የተከለለው ቦታ ከዚህ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሲባጎ እስከዚያ አይደርስም ልጄ። ልጆች ሩቅ ናቸው። ሰው ልቅጠር ብል እሱን ማን እንደኔ ያገላብጠዋል? መጭመቂያውን ልሽጠው ብል ደግሞ በምን እናድራለን? ሌሊት ሌሊት እሱ እንዳይሰማ አፌን ይዤ ነው የማለቅሰው።»

ሁሉንም ጻፍሁ። ጀርባው ድረስ ጻፍሁ። ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ፤ የዳንሁ መሰለኝ። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው።

«ተባረክ» አሉ እትዬ ባንቺዓለም። ቀጥለው ግን ፊቴን አዩት። «እንዲያው ልጄ፣ መጀመሪያ ሌላ ጽፈህ አሁን ሌላ ስትጽፍ አንተን ምንም አይሉህም?»

መዋሸት እችል ነበር። ለሰርካለም ለመዋሸት ማን ቀደመኝ? ያን ቀን ግን እውነቱን መናገር አማረኝ። «ይከሱኛል» አልሁ። «ምናልባት ከሥራ ያስወጡኝ ይሆናል። ሁለት ልጆች አሉኝ።» ሁለት ልጆች አሉኝ ያልሁት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እናንተም ታውቃላችሁ።

እትዬ ባንቺዓለም እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ።

«ተወው እንግዲህ ልጄ» አሉ። «እኛ እንደምንም እንሆናለን። የልጆችህ እንጀራ በኔ አይዘጋ።»

አንዴ ነው ያሉት። እናቱ ያሳደገችው ሰው «አይሆንም እትዬ፣ በሞቴ!» ይላል። ሁለተኛ እምቢ ቢሉ ሁለተኛ ይምላል። በሦስተኛው «እሺ፣ ጻፍልኝ» እንደሚሉ አውቅ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ልወጣ ስነሣ አንድ ጀሪካን ዘይት አመጡ፤ ለልጆችህ ነው አሉ። «አይሆንም» አልሁ። «በሞቴ!» አሉ። «ኧረ አልወስድም እትዬ፣ አፍራለሁ» አልሁ። «በሞቴ አልኩህ!» «አይሆንም እትዬ።» «አካለ ወልድ ይሙት ትወስዳለህ!»

በዚህ መሐል ቀዩ ጨርቅ ዘለለ። እሳቸው ጀሪካኑን እጄ ላይ ጥለው ወደ ጓዳ ሮጡ። ተመልሰው ሳያዩኝ ወጣሁ፤ የዘጠኝ ሰዓቱም ሚኒባስ አላመለጠኝም።

ዓርብ መጣ፣ ዓርብ አለፈ። ቅጹ ሳይፈረም ኪሴ ውስጥ ቀረ። ዘይቱን ሚስቴ ወጥ ሠራችበት፤ ቀርቦልኝ «በልቼ ነው የመጣሁት» አልኋት። እሷም «በሞቴ» አለችኝ። በመጀመሪያው ቆረስሁ።